ወጣቱ ሬዲዮ የሚሰማው መቼ ነው?

ካርቱም ሳለን ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዜና ስንከታተል ልጆቻችን ተነስተው ይወጡ ነበር። ሬዲዮ የሽማግሌ ነው ብለን ተውናቸው። ተሳስተናል።

ከ2002 እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ኤች.አይ.ቪ. ያስተማረው በተከታታይ ድራማ ነበር፤ አድማጮች በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፉ። ዘዴውን በ1970ዎቹ ያዳበረው የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ነው። ከደጉና ከክፉው ባለታሪክ ሌላ የሚያመነታ ይኖራል፤ ይሳሳታል፣ ዋጋ ይከፍላል፣ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ወጣቱ ራሱን የሚያገኘው በዚህኛው ነው። ክፍሉም ልብ ሰቅሎ ይቋረጣል።

እኛ ስለ ደላላና ስለ ሊቢያ መንገድ የምናስተምረው ዛሬም «አትሂዱ» በማለት ብቻ ነው። ከበረሃው የተመለሰው ልጅ እዚሁ ከእኛ ጋር አለ፤ እስካሁን እንዲናገር አልጠየቅነውም።