የቤት ዕዳ፣ የጓሮ ጎመንና የልጆቻችን አማና

 

በኮልፌ የሙስሊሞች መካነ መቃብር ጀናዛ የሸኘ ሰው የሚያውቀው ልማድ አለ። ከሟቹ ቤተሰብ አንዱ ይቆምና «ሟቹ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ እኛ ይምጣ» ብሎ ያስታውቃል። በዚያ ሰዓት የሱቅ ዱቤ፣ የጓደኛ ብድርና የእቁብ ቀሪ ይታወሳል። የባንክ ዕዳ ግን ያን ጊዜ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ደብዳቤው ቆይቶ ወደ ቤት ይመጣል፤ የሚቀበሉትም እናትና የቲም ልጆች ናቸው።

ይህች ጋዜጣ ዘወትር የምታስተምረው አባታቸውን ስላጡ ልጆች እንክብካቤ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው አባታቸው በሕይወት ስላሉ ልጆች ይሆናል። ቤት የገዛ ሰው ጤናና ጉልበት ሳለው ዕዳውን ቢያቃልል፣ ነገ የሌላውን እጅ ሊጠብቁ ይችሉ የነበሩ ልጆችን ከወዲሁ ረዳ ማለት ነው።

ዕዳ በሸሪዓ ዘንድ

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ሲሆን፣ የሚናገረውም ዕዳ እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚመሰከርለት ነው። በሱረቱ ኒሳእ የውርስ ድርሻ ሲደለደልም፣ ድልድሉ ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑ ተደጋግሞ ተነግሯል። የሀገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሟች ዕዳ ከውርስ ክፍፍል አስቀድሞ እንዲከፈል ያዝዛል። እንግዲህ በሸሪዓም ሆነ በሕግ፣ ልጅ ከአባቱ ቤት የሚደርሰው ባለዕዳ ከወሰደ በኋላ የተረፈው ነው።

ቡኻሪ ከሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጀናዛ በመጣ ጊዜ ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ ነበር። ሦስት ዲናር ዕዳ ኖሮበት መክፈያ ያልተወ ሰው በመጣ ጊዜ ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነግረው ራሳቸው ታቀቡ፤ የሰገዱበት አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሱ ላይ ከወሰደ በኋላ ነው። ኋላ አላህ ሀብት በከፈተላቸው ጊዜ፣ ባዶ እጁን የሞተን ሙእሚን ዕዳ ራሳቸው እንደሚከፍሉ፣ ጧሪ ያጡ ቤተሰቦቹንም እንደሚረከቡ አስታወቁ። ዕዳውና የቲሞቹ በአንድ ንግግር መነሳታቸውን ልብ በሉ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በጀመል ዘመቻ ዕለት ሞቱን ባሰበ ጊዜ ለልጁ ለዐብደላህ የነገረው ትልቁ ጭንቀቱ ዕዳው መሆኑን ነበር። ሰዎች ገንዘባቸውን በአደራ ሊያስቀምጡበት ሲመጡ፣ እንዳይጠፋባቸው በመስጋት «አደራ ሳይሆን ብድር ይሁን» እያለ ይቀበላቸው ነበርና ዕዳው 2,200,000 ደርሶ ተገኘ። ትቶት የሄደው አንዲት ዲናርም ሆነ ዲርሃም አልነበረም፤ መሬትና ቤቶች ግን ነበሩት። ዐብደላህ በ170,000 ተገዝታ የነበረችውን ጋባ የተባለች መሬት በ1,600,000 ሸጦ ባለዕዳዎችን ከፈለ። ወንድሞቹ ውርሳችንን አካፍለን ሲሉትም፣ አራት ዓመት ሙሉ በሐጅ ወቅት «ዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ» እያለ ሳያስታውቅ አላካፈለም። ዙበይር ዕዳውን የሚያህል ንብረትና እንዲህ ያለ ልጅ ነበረው። ከእኛ ስንቶቻችን አንዱን እንኳ አለን?

የኮንዶሚኒየሙ ብድር

በከተማችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በክፍለ ከተማችን በኮልፌ ቀራንዮም በሚኪሊላንድና በሌሎች ሳይቶች በርካታ ቤተሰቦች ዕጣ ወጥቶላቸው ገብተዋል። በ20/80 መርሐ ግብር ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፤ የቀረውን 80 በመቶ ባንክ ያበድረዋል፤ እርሱም በረጅም ዓመታት ከነወለዱ ይመልሳል። ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ የደስታ ድግስ ይደግሳል። የብድር ውሉን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ግን ከመቶ አንድ መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። አንድ ሰው 200,000 ብር በዓመት 9.5 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደር፣ ወርኃዊ ክፍያው 1,864 ብር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 1,583 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 281 ብር ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው በዚሁ ቢቀጥል በድምሩ 447,000 ብር ያህል ይከፍላል። ይኸው ሰው በየወሩ 500 ብር ቢጨምር ግን ዕዳው 12 ዓመት ሳይሞላ ያልቃል፤ ወለዱም ከ247,000 ወደ 132,000 ገደማ ይወርዳል። 115,000 ብር ከእጁ ሳይወጣ ቀረ ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ይህን በሰሌዳ ላይ ስሠራላቸው ከአንድ ጊዜ በላይ አስደግመውኛል። ምስጢሩ ያለው ወለድ በቀረው ዋና ብድር ላይ ስለሚታሰብ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጨመረች ብር ከኋለኛዋ ይልቅ ብዙ ትሠራለች።

ሪባ ሐራም ስለመሆኑ በሙስሊሞች መካከል ክርክር የለም። በዚያን ጊዜ ሌላ አማራጭ አጥቶ የገባ ወንድም ዛሬ ላይ የሚጠበቅበት ተውበት ማድረግና ከውሉ ፈጥኖ መውጣት ነው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚሰጡበትን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑት ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አሁን ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወደእነዚህ ሄዶ ይጠይቅ። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ በተወሰነ ዋጋ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ቀድሞ በመክፈል ብቻ በራሱ አይቀንስም። ሻጩ በፈቃዱ ቅናሽ ቢያደርግ ግን፣ ቅናሹ ቀድሞ በውል ያልተገባ እስከሆነ ድረስ የሚፈቀድ መሆኑን የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ወስኗል።

ብሩ ከየት ይመጣል?

ይህን ስል «ኡስታዝ፣ 500 ብሩ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ለሆነ ሰው ቆጥብ ማለት ስላቅ ይመስላል። ሆኖም ወጪን አንድ ወር በደብተር መዝግቦ ማየት ብዙ ያሳያል። በየቀኑ ለጫት የሚወጣውን፣ ለሞባይል ካርድ የሚሄደውን፣ በዱቤ የተገዛውን ሶፋ ባልና ሚስት አብረው ይደምሩ። ቁርኣን የአር-ረሕማንን ባሮች ሲገልጽ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም፣ በመካከል የሚሄዱ ናቸው ይላል። ስለዚህ ከልጅ ወተትና ከደብተሩ የሚቆጠብ ቁጠባ ቁጠባ አይባልም።

ከትናንሽ ቁጠባዎች ይልቅ ትልቁን ነገር ያየሁት ሁለት ዘዴ ላይ ነው። አንደኛው እቁብ ነው። እቁብ ሲደርስ ቴሌቪዥን ለመለወጥ ከማሰብ በፊት ወደ ዋናው ብድር ማስገባት። ሁለተኛው ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ ለጥቂት ዓመታት በአነስተኛ ቤት ወይም ከወላጅ ግቢ መኖር ነው። ይህንን ያደረጉ ቤተሰቦች በአየር ጤናም በቤቴልም አሉ። ለእናቶች ከባድ መሆኑን ግን አልክድም፤ ሚስት ሳትስማማ የሚደረግ ከሆነ ቤቱ ሳይከፈል ትዳሩ ይከፈላል።

የጓሮው ነገርስ? ጎመን ብቻውን የቤት ዕዳ አይከፍልም፤ ይከፍላል የሚል ሰው ጎመን ተክሎ አያውቅም። ግን በየሳምንቱ ለአትክልት የሚወጣው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም ቀላል አይደለም። አፈራችንና ብርዱ ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለሰላጣ፣ ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት ይመቻል። ቆስጣ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ለድስት ይደርሳል። ጎመን ከሥር ከሥሩ ቅጠሉ እየተሸለቀ ሲበላ ለወራት ይሰጣል፤ ከነሥሩ የነቀለው ሰው ግን አንድ ቀን ብቻ በላ። በረንዳ ብቻ ያለው ሰው የተቆረጠ ጀሪካን ወይም አሮጌ ባልዲ ከሥሩ በስቶ፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሞልቶ መጀመር ይችላል። የዉዱእ ውሃ በሳህን ተይዞ ተክል ቢያጠጣ ሁለት ጥቅም ነው። ነገር ግን የሚንጠባጠበው ውሃ የታችኛው ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ። የጎረቤት ሐቅ ከጎመን ይበልጣል።

ግቢ ላላቸው እንሰትን አስታውሳለሁ። የስልጤና የጉራጌ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለመድረስ ዓመታት ቢወስድም፣ ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ የሚሰጥ፣ በድርቅ ጊዜ የማይከዳ፣ በጓሮ የቆመ ስንቅ ነው።

ሌላው የጓሮ ጥቅም ንጽሕና ነው። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ በተበከለ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች አሳይተዋል። በዝናብና በቧንቧ ውሃ ያበቀልነውን ግን እናውቀዋለን። የድንች ልጣጭና የጎመን ግንድም ወደ ቆሻሻ ገንዳ ከመሄድ ብስባሽ ሆኖ ወደ አፈሩ ይመለስ። በክፍለ ከተማችን በቆሼ የቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን እንደቀጠፈ አንረሳም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ወፍም ሆነ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ስለዚህ ከጓሮው ለየቲሞች ቤት አንድ እቅፍ ጎመን የላከ እናት ከሰጪዎች ጎራ ናት።

ለረጂዎቻችን

አንዳንድ ወርኃዊ ለጋሾች «ዕዳ እያለብኝ ለየቲም መስጠቴን ልቀጥል?» እያሉ ይጠይቃሉ። የዑለሞች ማብራሪያ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጊዜው የደረሰና ባለቤቱ የሚጠብቀው ዕዳ ከፈቃደኝነት ሰደቃ ይቀድማል። በየወሩ በጊዜው የሚከፈል፣ ቀሪው ቀጠሮው ያልደረሰ ዕዳ ግን ትንሽ ሰደቃን አይከለክልም። ዘካ ግዴታ ስለሆነ ከዚህ የተለየ ነው፤ ዕዳ በዘካ ላይ ያለውን ውጤት እያንዳንዱ የራሱን ሁኔታ ይዞ ዓሊም ይጠይቅ። በሌላ በኩል መክፈል ያቃታቸው ባለዕዳዎች ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱ ናቸው። የቲም የሚረዳ ሰው የልጁን ደብተርና ልብስ ሲጠይቅ፣ በቤቱ ላይ የቀረ ዕዳ ካለም ቢጠይቅ መልካም ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ሠላሳ ቀን ደግሞ ኢዳዋን ላልጨረሰች መበለት ምንም ማለት አይደለም።

በተግባር የሚደረገው እንዲህ ነው። ወደ ባንኩ ሄደው የቀረውን ዋና ብድር በጽሑፍ ይጠይቁ። ተጨማሪ የሚከፍሉት ገንዘብ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ተብሎ እንዳይያዝ፣ ከዋናው ብድር እንዲቀነስ በጽሑፍ ያመልክቱ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለው፣ ተበዳሪው ቢሞት ብድሩን የሚሸፍን መድን እንዳለ ወይም እንደሌለ ውሉን አንብበው ይረዱ። ሲጨርሱ ከዕዳ ነጻ የመሆኑን ደብዳቤ ተቀብለው፣ ንብረቱ ላይ የተመዘገበው መያዣ እንዲነሳ ያድርጉ። ይህን ሳያደርግ የሞተ ሰው ልጆቹ የተከፈለን ዕዳ ለማስረዳት በየቢሮው ይንከራተታሉ። ደረሰኞቹን በአንድ ፌስታል አድርገው ቦታውን ለባለቤትዎ ያሳዩ፤ ያለብዎትንና ሰው ላይ ያለዎትን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፈው ሁለት ምስክር ያስፈርሙበት። ደብተሩን በየዓመቱ ረመዷን ከመግባቱ በፊት አውጥተው ያድሱት።