የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች፦ የተገኙ ወይስ የተደነገጉ?

ሒሳብ ከሰው ውጭ ያለ እውነት ነው ወይስ የሰው አእምሮ ያፈለቀው ሐሳብ? ይህ ክርክር በአገራችን የፍልስፍና ክፍሎች ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ከአፍላጦን ተጀምሮ በአውሮፓውያን ሊቃውንት ያበቃል። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ጥያቄውን በፎገራ ወረዳ በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አጽዋማትና በዓላት ከሚወሰኑበት ከባሕረ ሐሳብ አንጻር ይመለከታል። በዚህ ስሌት ሰው የደነገገውና ማንም ያልደነገገው ነገር ጎን ለጎን ይታያሉ።

የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት እንከተል። ዓመተ ምሕረቱ በ5500 ላይ ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት 11 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 29 ይወጣል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29፣ ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲታከልበት 33 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 3። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ሆነ።

5500 በትውፊት የተወሰደ መነሻ እንደሆነ ማንም አይክድም። 30ም ቢሆን ለቆጠራ እንዲመች የተወሰነ ነው፤ ጨረቃ ዙሯን የምትፈጽመው በ29 ቀን ተኩል ገደማ ነውና። የሚያከራክረው 11 ነው። ትውፊቱ ስሌቱን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ በሱባዔ እንዳገኘው ይናገራል፤ የሌሊቱ 23 ሱባዔ 161 ቀን ነው፣ በ30 ሲገደፍ 11 ጥንተ አበቅቴ ይተርፋል፤ የቀኑ 7 ሱባዔ 49 ነው፣ 19 ጥንተ መጥቅዕ ይተርፋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ደግሞ ከፀሐይ ዓመት 365 ቀን የጨረቃን 354 ቀን ቀንሶ እዚያው 11 ላይ ይደርሳል። በሁለት መንገድ አንድ ቁጥር መገኘቱ ደስ ያሰኛል። ለቁጥሩ ነባራዊነት ማስረጃ አድርጌ ግን አልወስደውም፤ 23 እና 7 ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ሊመረጡም ይችሉ ነበር።

ይበልጥ ጠንካራው ማስረጃ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። አበቅቴና መጥቅዕ በየዓመቱ ተደምረው 30 ይሆናሉ። ወንበሩ አልቦ ሲሆን እንኳ አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30 ይባላል። 11 እና 19 ድምራቸው 30 ስለሆነ ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። መጥቅዕም 14 ሆኖ አያውቅም። ደንቡ «ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት» ሲል እኩል ቢሆንስ የሚለውን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ የሚጎድል ነገር ግን የለም። በ19 ተባዝቶና በ30 ተገድፎ 14 እንዲተርፍ ወንበሩ ቢያንስ 26 መሆን አለበት፤ ወንበር ግን ከ18 አያልፍም። 19ኙን፣ 30ውንና 11ዱን ሰዎች መርጠዋል፤ 14 እንዳይወጣ የወሰነ ጉባኤ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ «ይህ እኮ ከሕጉ የተከተለ እንጂ ሌላ ምንድር ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ገበጣም ሕጉን ሰው ያወጣዋል፣ ከሕጉ የሚከተለውን ግን ተጫዋቹ እየተጫወተ ያገኘዋል እንጂ አይደነግገውም። ተቃውሞው የሚያሳየው እውነቱ በነጠላ ቁጥሮች ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ግንኙነት ላይ እንደሚገኝ ነው። እኔም የምከራከረው ለዚህኛው ነው።

ሕግ አውጪው በራሱ ሕግ የተያዘበት ስፍራም አለ። አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል። በ19 ዓመት 209 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ ግን አልቦ ሳይሆን 29 ይተርፋል፤ ዑደቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ይጎድለዋል። ስለዚህ ከወንበር 18 ወደ ወንበር አልቦ ሲታለፍ አበቅቴ በ11 ፈንታ በ12 ያድጋል። ይህች አንድ ቀን የሰው ጥገና ናት። እንድትጠገን ያስገደደው ግን ሰው አይደለም።

ስሌቱ ከሰማዩ ጋር መስማማቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በክርክሩም ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት አቆጣጠር 19 ዓመት 6939.75 ቀን ነው፤ 235 የጨረቃ ዙር ግን 6939.69 ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። በ2017 ዓ.ም. በዓለ መጥቅዕ ላይ 190 ቀን ሲጨመር የኦሪቱ ፋሲካ፣ ማለትም የጨረቃ 14ኛ ቀን፣ ሚያዝያ 9 ላይ ይውላል። በፎገራ ሜዳ ላይ ጨረቃ ሞልታ የታየችው ግን ሚያዝያ 5 ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። 7517 ለ19 ተካፍሎ 12 መትረፉ በዚህ አልተነካም፤ የተነካው 19 ዓመት ለጨረቃ ይበቃል የሚለው የሰው ምርጫ ነው።

ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ቆጠራ ጥናቱ የስሌቱን እስክንድርያዊ ምንጭ መርምሯል። መምህራኑ ራሳቸው የስሌቱን ጨረቃ ከሚታየው ጨረቃ ለይተው ያስተምሩ እንደሆነ ግን በደቡብ ጎንደር ጉባኤ ቤቶች በቃል፣ በብራናዎቹም ኅዳግ ላይ ሊጠና የሚገባው ነው።