ስብሰባ ላይ ዝም ማለት፦ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

ፋርጣ ወይም ላይ ጋይንት ተመድበው ከሆነ ስብሰባ የሚጠሩት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል። ብዙው ሰው ገና ቁርስ አልቀመሰም። እርስዎ ግን የወረዳውን ዕቅድ ሲያነቡ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ «ጥያቄ ያለው?» ይላሉ፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «ተስማምተዋል» ይባላል። ማሳው ላይ ግን ምንም አይታይም።

1. ማብራሪያውን አቆይተው መጀመሪያ ይጠይቁ። «በለጠ የተባለውን የድንች ዝርያ ለምን አልተከላችሁም?» ክስ ነው፤ የሚያገኙት ሰበብ ነው። «የአምናው የድንች ዘር እንዴት ከረመ?» ግን ወሬ ይከፍታል።

2. ከጠየቁ በኋላ አይናገሩ። በጉና ተራራ ዙሪያ ትልቅ ሰው ነገር የሚያመጣው ከሩቅ ነው፤ ከዝናቡ ይነሣል፣ የጎረቤቱን በሬ ያነሣል። እዚያ ላይ ካቋረጡት ዋናውን ይዞት ይቀራል። ዕርቅ የያዙ ሽማግሌዎችን ልብ ይበሉ፤ አንዱን ወገን «ጨረስህ?» ሳይሉ ወደ ሌላው አይዞሩም። ይህን ያህል ትዕግሥት ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

3. ስብሰባው ሲበተን ቤት ይሂዱ። በብዙ ቤት ዘሩን የምትለየውና የምታስቀምጠው ሴቷ ናት፤ ስብሰባ ላይ ግን ዳር ተቀምጣ ዝም ትላለች። ባለቤቷን አስፈቅደው ዘሩ የተቀመጠበትን እንድታሳይዎ ይጠይቁ። ጨለማ ጥግ ላይ ከተከመረ ቡቃያው ቀጭን፣ ነጭና ረጅም ነው፤ ሲተከል ይሰበራል። ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው ብርሃንና አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ የከረመ ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል። እርስዎ ስለ አዲስ ዝርያ ሊያስተምሩ መጥተው ነበር፤ ችግሩ ማስቀመጫው ኖሯል። ቡና ከቀረበ ደግሞ እስከ ቶናው ደብተር አያውጡ፤ ደብተር ሲወጣ ሰው መግለጫ መስጠት ይጀምራል።

4. የሰሙትን መልሰው ይንገሩ፦ «ዘሩ አልጠፋም፣ ማስቀመጫ ነው የጠፋው፤ እንዲህ ነው ያሉኝ?» ከተሳሳቱ ያኔውኑ ያርሙዎታል።

5. የቀበሌው ሹም ሁሉን ቀድሞ ከመለሰ፣ አመስግነው ጥያቄውን በስም ወደ ሌላ ሰው ያዙሩ።

ትልቁ ወጥመድ፣ ጥሩ አድርገው ካዳመጡ በኋላ «ይፈታል» ማለት ነው። በእጅዎ ያልሆነውን «ለወረዳ አቀርባለሁ» ይበሉ፤ መልሱንም፣ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ፣ ተመልሰው ይንገሩ። ቃላቸውን እንደ ተናገሩት ይጻፉት። የሪፖርቱ ቅጽ ለዚህ የሚሆን ቦታ ላይኖረው ይችላል፤ ጀርባው ባዶ ነው።