ፍቅረ ቢጽ በመከር ጊዜ



በጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ በአሰላ ዙሪያ ባለው ደጋ፥ ስንዴውና ገብሱ ሲደርስ የገበሬው ልብ በደስታ ይሞላል። ቤተ ክርስቲያናችንም ስለ ዝናሙና ስለ ምድር ፍሬ ዘወትር ትጸልያለች። ነገር ግን መከር የምስጋና ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖታችንና ፍቅራችን የሚመዘንበትም ጊዜ ነው። እግዚአብሔር የሰጠውን ፍሬ ማን ይበላዋል? ማንስ ቆሞ ያየዋል?

ስለዚህ ነገር የአርሲ ምድር ብርቱ ትምህርት ይሰጠናል። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በአሰላ ተጀመረ። ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለታናሹ ገበሬ አቀረበ፤ ምርቱም በዛ። ዓላማው መልካም ነበረ። ይሁን እንጂ ምድሩ ይበልጥ ፍሬ በሰጠ መጠን የባለርስቱ ምኞት አብሮ አደገ። አንዳንዱ በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣው አይቶ ጭሰኛውን ከነልጆቹ አሰናበተ፤ ሌላውም ሲሶ ይቀበል የነበረውን ወደ እኩል ከፍ አደረገ። ለድኻው የታሰበው በረከት ለብዙ ቤተ ሰብ መፈናቀል ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። እንግዲህ ዐዋጁ ከወጣ በኋላ ለእኛ የቀረ ሥራ የለምን? አለ። ሕግ የበዳዩን እጅ ሊይዝ ይችላል፤ ልቡን ግን የሚያቀናው ንስሐና ፍቅር ነው። ዛሬም በሬ የሌላት መበለት መሬቷን ለሌላ አሳርሳ ምርቱን ስትካፈል፥ አራሹ በአውድማው ላይ ብቻውን ሆኖ ቢሰፍር እግዚአብሔር ያያል። ወንድም የአባቱን መሬት ለብቻው ይዞ እኅቱን ባዶ እጅዋን ቢያሰናብት፥ ናቡቴን ስለ ወይኑ ቦታ ካስገደለው ከአክዓብ ምኞት ምን ያህል ርቋል? ፍትሕ በአደባባይ ከመፈለጉ በፊት በቤት ውስጥ ሊገኝ ይገባዋል።

ቦዔዝ ሩት እንድትቃርም ለአጫጆቹ አዘዘ፤ ነዶም ሆን ብለው እንዲተዉላት ነገራቸው። ዛሬ በአርሲ ማሳ ብዙውን ስንዴ ኮምባይነር ያጭደዋል። መኪናው ቃርሚያ ለቃሚዋን አያውቃትም፤ ስለዚህ የድኻው ድርሻ በባለ ማሳው አሳብ ካልተለየ በቀር ከቶ አይገኝም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ነዌና ስለ አልዓዛር ባስተማረ ጊዜ፥ ካለን ከፍሎ አለመስጠት ራሱ እንደ ቅሚያ እንደሚቈጠር ገልጿል።

በዚህ ደጋ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ያርሳሉ። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደሆነ በደጉ ሳምራዊ አማካይነት ስላስተማረን፥ ድርሻ ሲሰፈር የጎረቤት ሃይማኖት አይጠየቅም።

እናንተም ካህናት አባቶቻችን፥ የንስሐ ልጆቻችሁን ስለ ጾማቸውና ስለ ስግደታቸው በምትጠይቁበት ጊዜ፥ የሠራተኛው ደመወዝ በጊዜው ተከፍሎ እንደሆነ፥ ቁናውም ትክክል እንደሆነ ጠይቁ። እኛም ምእመናን ከአዝመራችን ዐሥራቱን ስናወጣ አስቀድመን የሌላውን ድርሻ እንመልስ። የተበደለ ሰው እህል ተቀላቅሎበት የሚቀርብ መባ በእግዚአብሔር ፊት አይወደድምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።