ከመግዛትህ በፊት፣ ማሙሽ

ስልኩን አታዙረው፣ አይቼዋለሁ። አረንጓዴና ቀይ መስመሩንም፣ ከሥሩ "አሁን ግቡ፣ በኋላ ይረፍዳል" የሚለውን የቴሌግራም መልእክትም። ልቆጣህ አይደለም። ደሞዝህ የራስህ ነው፤ እኔም ሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ፖሊስ አይደለሁም። ግን ሰሞኑን ከአፍህ የማይጠፋው "ዛሬ ስንት ገባ?" ብቻ ሆነብኝ። ቢትኮይንን የጀመሩት ሰዎች ይሄን ለመጠየቅ እንኳ አልታደሉም፤ በመጀመሪያው ዓመት ይሄ ነው የሚባል ዋጋ አልነበረውምና። ስለዚህ ሌላ ሌላውን ሲጠያየቁ ከረሙ። እኔ ያንን ጥያቄያቸውን እወደዋለሁ። አንተንም ከዚህ ከሚያጣድፍህ ሰውዬ ይልቅ እነሱ ይጠቅሙሃል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ። ኦክቶበር 31 ቀን 2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ስለ ቢትኮይን የዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ ወጣ። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ከወደቀ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 የቢትኮይን የመጀመሪያው ብሎክ ሲሠራ ደግሞ ሳቶሺ የዕለቱን የለንደን ታይምስ ርእስ ውስጡ ቀበረበት፤ የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስትር ባንኮችን ለሁለተኛ ጊዜ ሊታደጉ መቃረባቸውን የሚያወራ ዜና ነው። ገባህ? ሰዎቹን ያሰባሰባቸው ጥያቄ፣ ገንዘባችንን ጠብቁልን ያልናቸው ሲያበላሹት ማን ይጠየቃል የሚል ነበር።

አሠራሩ እንዲገባህ እቁባችንን ውሰድ። ደብተሩ ያለው ጸሐፊው ዘንድ ነው፤ ማን ጣለ፣ ለማን ወጣ የሚባለው እሱ የጻፈው ታይቶ ነው። የሳቶሺ ሐሳብ ደብተሩን እያንዳንዱ አባል ቤቱ ይያዝ፣ አንዱ ቢሰርዝ ቢደልዝ የሌሎቹ ያጋልጠው የሚል ነው። አዲስ ገጽ፣ ብሎክ የሚሉት እሱ ነው፣ በየአሥር ደቂቃው ግድም ይጨመራል። ገጹን ለመጨመር ኮምፒውተሮች ይሽቀዳደማሉ፣ የቀደመው አዲስ ቢትኮይን ይሸለማል፤ መጀመሪያ 50 ነበር፣ በየአራት ዓመቱ ግድም በግማሽ እየተቀነሰ ከ2024 ወዲህ 3.125 ሆኗል። ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። ከሳቶሺ በፊት ዴቪድ ቾም የሚባል ሊቅ ዲጂካሽ የሚል ኩባንያ አቋቁሞ ዲጂታል ገንዘብ ሞክሮ ነበር፤ ኩባንያው በ1998 ከሰረ፣ ገንዘቡም አብሮት ቀረ። የኋለኞቹ ባለቤት የሌለው ይሁን ማለታቸው እንዲሁ ለፉከራ አልነበረም።

ታዲያ በመካከላቸው ክርክር ያጋጋለችው ይቺው 21 ሚሊዮን ናት። ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ፈላጊው ከበዛ፣ ነገ ይወደዳል። ነገ በሚወደድ ነገር ዛሬ ሽንኩርት የሚገዛ ማን ሞኝ አለ? ሁሉም ሸሽጎ ከተቀመጠ ደግሞ በምኑ ገንዘብ ይባላል? ሌላው ወገን፣ ሰው እጅ ያልገባ ገንዘብ ገንዘብ አይሆንም፣ አስቀድሞ ይበተን ይል ነበር። ጋቪን አንድሬሰን የተባለ ፕሮግራመር በ2010 ለጎበኘው ሁሉ 5 ቢትኮይን በነጻ የሚያድል ድረ ገጽ ከፈተ። በነጻ! በዚያው ዓመት ሜይ 22፣ ፍሎሪዳ ነዋሪ የነበረው ላዝሎ ሃንየች 10,000 ቢትኮይን ከፍሎ ሁለት ፒዛ አስመጣ። እናንተ በሱ ትስቃላችሁ። እኔ አልስቅም። አንድ ሰው ተነሥቶ በቢትኮይን ዕቃ መግዛት እንደሚቻል ባያሳይ ኖሮ አንተ የምታፈጥበት መስመር ከየት ይነሣ ነበር? እሱም ራሱ አልቆጨኝም ብሏል፤ አምነዋለሁ።

አንተ ግን ፒዛ ልትበላበት አይደለም፣ አይደል? ሲወጣ ልትሸጠው ነው። ነውር የለውም፤ ብቻ "የወደፊቱን ገንዘብ ያዝኩ" እያልክ ራስህን አትደልል። ዋጋው ሊወጣም ሊወርድም የሚችል ዕቃ ነው የምትይዘው። ኤል ሳልቫዶር በ2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ ብላ አውጃ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ በዶላሩ ቀጠለ፣ በ2025 ነጋዴው የመቀበል ግዴታው ተነሣለት። መንግሥት በአዋጅ ያልቻለውን ያንተ የቴሌግራም ግሩፕ በሦስት ወር እናሳያችኋለን ካለ፣ እስቲ ተጠራጠር።

አሁን እኔን እንቅልፍ ወደሚነሣኝ ነገር ልምጣ። የሳቶሺ ጽሑፍ ገና ከመግቢያው የሚያነሣው ቅሬታ ክፍያ ተመላሽ መሆኑን ነው። ባንክ መሐል ገብቶ "ይመለስለት" ማለት ስለሚችል ነጋዴ ገዢውን ይጠራጠራል፣ ወጪም ይጨምራል ይላል። መፍትሔው፦ ከሄደ አይመለስም። ለሻጭ ግሩም ነው። ለተታለለ ሰው ግን... ቴሌብር ላይ አንድ ቁጥር ተሳስተህ ብትልክ ቢያንስ የምትደውልለት፣ የምትጨቃጨቀው ሰው አለ። እዚህ ማንም የለም፤ ሆን ተብሎ እንዲህ ነው የተሠራው። አጭበርባሪ ለምን በክሪፕቶ ላኩልኝ እንደሚል አሁን ገባህ? ፒ ቱ ፒ፣ ማለት በቀጥታ ከሰው ለሰው፣ ስትሸጥም ጣጣው እዚያው ነው። ገዢው የባንክ ዝውውር ስክሪንሾት ይልክልሃል፣ አንተ ኮይኑን ትለቃለህ፣ ስክሪንሾቱ የውሸት ሆኖ ይገኛል። ብሩ መግባቱን በራስህ የባንክ አፕ ሳታይ ምንም አትልቀቅ። ገብቶም ቢሆን የላኪው ስም ከገዢው ስም ጋር ካልተስማማ ግብይቱን አቁም፤ የተሰረቀ ብር በሒሳብህ ሲያልፍ ጣጣው የሚተርፈው ላንተ ነው።

ሌላው ጥያቄያቸው ማን ሊዘጋው ይችላል የሚል ነበር። በ2010 መጨረሻ ቪዛ፣ ማስተርካርድና ፔይፓል ምስጢራዊ ሰነዶችን ወደሚያወጣው ዊኪሊክስ የሚሄደውን መዋጮ ሲያቋርጡ፣ ከቢትኮይን ወዳጆች አንዳንዶቹ መዋጮው በቢትኮይን ይግባ፣ ጊዜያችን ደረሰ አሉ። ሳቶሺ ግን ተዉ ብሎ ለመነ፤ ገና ጨቅላ ነው፣ ይሄን ያህል ዓይን ቢያርፍበት ይቀጫል ብሎ ፈራ። በማግሥቱ ዓመት ድምፁ ጠፋ። ፈጣሪው የፈራለትን ነገር አንተ እንዲህ ልበ ሙሉ ሆነህ ስታወራ ትንሽ ይገርመኛል፤ ይሁን። አንተ ከቢትኮይን ጎን ልትነግድበት ባሰብከው፣ ዩኤስዲቲ በሚባለው ኮይን ላይ ግን ለዚያ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ ቴተር የሚባለው ኩባንያ። የሚያወጣውም እሱ፣ በተጠረጠረ አድራሻ ላይ ያለውን የሚያግደውም እሱ። ከዶላር ጋር እኩል ስለሚሄድ ይመቻል፤ ባለቤት የለውም ብሎ የሸጠልህ ሰው ግን ዋሽቶሃል።

ማስቀመጡም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለሌላ ሰው አደራ ብትሰጠው፣ ቶኪዮ የነበረው የማውንት ጎክስ ገበያ በ2014 ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፋብኝ ብሎ ተዘጋ፤ በኋላ ወደ 200,000 ያህሉ ተገኘ። ራስህ ብትይዘው፣ ኒውፖርት በምትባል የዌልስ ከተማ አንድ ሰውዬ ወደ 8,000 ቢትኮይን ያለበት ሃርድ ዲስክ በ2013 ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበት፣ ቆፍሬ ላውጣው ብሎ ስንት ዓመት ተሟገተ፤ ፍርድ ቤቱም አልፈቀደለትም። የዋሌትህን፣ ማለት የኮይን ቦርሳህን፣ የማስመለሻ ቃላት ወረቀት ላይ ጻፋቸው። ፎቶ አታንሣቸው። "ሰፖርት ነኝ" ብሎ ለሚጠይቅህ ደግሞ፣ ፕሮፋይሉ ላይ ሎጎ ይለጥፍ ምን ይለጥፍ፣ አትስጥ።

ሕጉን መቼም ሰምተሃል፤ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው፣ የአገሪቱ ገንዘብ ብር ነው ብሎ አስጠንቅቋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በበኩሉ ለማይኒንግ ድርጅቶች፣ ማለትም አዲሱን ገጽ ለመጨመር ኮምፒውተር ለሚያሽቀዳድሙት፣ መብራት በዶላር ይሸጣል። ይሄ ሁሉ ኤሌክትሪክ ለምን የሚለውንም የፊተኞቹ ተከራክረውበታል፤ የኛ ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር እኔም እከራከርበታለሁ። ላንተ ዋናው ቁም ነገር ግን ይሄ ነው፦ ብትጭበረበር አቤት የምትልበት ቦታ ማግኘት ይከብድሃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እገዛለሁ ካልክ፣ ቢጠፋ የቤት ኪራይህን የማይነካውን ያህል ብቻ ግዛ። በብድር አይሆንም። ከእማዬም አትጠይቅ። በወር ይሄን ያህል ፐርሰንት ታገኛለህ የሚልህን ሰውዬ ደግሞ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀውና መልሱን አምጣልኝ፣ አብረን እናየዋለን። "ሰው አስገባና ኮሚሽን አለህ" ካለህ ግን እኔ ጋ ድረስ አትድከም፤ እዚያው ከግሩፑ ውጣ።