የአንድ ካርታ ዋጋ ስንት ነው?

በተለመደው የካርታ ጨዋታ ተጫዋቾች ሁሉ ከአንድ የጋራ ክምር እየሳቡ በደረሳቸው ዕድል ይጫወታሉ። «ክምር ግንባታ» ሊባል በሚችለው የጨዋታ ዓይነት ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ክምር ይዞ ይጀምርና አዳዲስ ካርታዎችን እየገዛ ያሳድገዋል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው ዶሚኒየን በዶናልድ ኤክስ ቫካሪኖ ተነድፎ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት በጀርመን «የዓመቱ ጨዋታ» የተሰኘውን ሽልማት አግኝቷል።

ከጨዋታው አፍቃሪዎች መካከል በአምራቹ ካርታዎች ሳይወሰኑ የራሳቸውን ካርታ ነድፈው የሚጨምሩ ጥቂት አይደሉም። ሐሳብ ማፍለቁ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ዋጋ መተመኑ ነው። ብርቱ ካርታ በርካሽ ከቀረበ ሁሉም እሱን ብቻ ይገዛል፤ የቀሩት ካርታዎች ጌጥ ሆነው ይቀራሉ፤ ምርጫ ሲጠፋ ጨዋታውም ይጠፋል። ከልክ በላይ የተወደደውን ደግሞ የሚነካው የለም። በዚህ ጽሑፍ «ጎተራ» ብለን የሰየምነውን ካርታ እየነደፍን፣ ሚዛኑ በሒሳብ እንዴት እንደሚፈተሽ እንመለከታለን።

የጨዋታው ሕግ ባጭሩ

እያንዳንዱ ተጫዋች በ10 ካርታዎች ይጀምራል። 7ቱ እያንዳንዳቸው 1 ሳንቲም የሚያወጡ «መዳብ» ናቸው። 3ቱ «ርስት» ይባላሉ፤ በጨዋታው ፍጻሜ ነጥብ ያስገኛሉ እንጂ በእጅ ሳሉ ምንም አይገዙም። ተጫዋቹ በየተራው 5 ካርታ ይይዛል፤ አንድ የተግባር ካርታ ሊጠቀምና በእጁ ባለው ሳንቲም አንድ ካርታ ሊገዛ ይችላል። የተረፈ ሳንቲም ወደሚቀጥለው ተራ አይተላለፍም። በእጁ የነበሩትም ሆኑ የገዛው ካርታ ወደ ጎን ይጣላሉ፤ ክምሩ ሲያልቅ የተጣሉት ተበውዘው እንደገና ክምር ይሆናሉ። በ3 ሳንቲም የሚገዛው «ብር» 2 ሳንቲም፣ በ6 የሚገዛው «ወርቅ» 3 ሳንቲም ያወጣል። ዋናው ግብ 8 ሳንቲም የሚጠይቀውና 6 ነጥብ የሚያስገኘው «ክፍለ ሀገር» ነው።

ዋጋ እንደ ደረጃ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች አሥሩም ካርታዎች በእጅ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ተጫዋቹ 7 ሳንቲሞችን በሁለት ተራ ከፋፍሎ ያገኛል። ከ10 ካርታ 5ቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 252 ናቸው። ከነዚህ በ210ሩ አንዱ ተራ 4፣ ሌላው 3 ሳንቲም ይይዛል፤ በ42ቱ ክፍፍሉ 5 እና 2 ይሆናል። ይኸውም ከስድስት ጨዋታ በአምስቱ 4 እና 3፣ በአንዱ 5 እና 2 ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የዋጋ ልዩነት እኩል አለመሆኑን ነው። ባለ 3 ሳንቲሙን ካርታ በመክፈቻው ሁለት ጊዜ መግዛት ከስድስት አምስት ጊዜ ይቻላል። ባለ 4ቱን አንድ ጊዜ መግዛት ምንጊዜም ይቻላል፤ ሁለቱን ግን 8 ሳንቲም ስለሚጠይቅ ፈጽሞ አይቻልም። ባለ 5ቱን በመክፈቻው የሚያገኘው ከስድስት አንዱ ብቻ ነው። ስለሆነም ከ4 ወደ 5 መውጣት የአንድ ሳንቲም ጭማሪ ብቻ ሳይሆን የጊዜ በር መዝጋትም ነው።

ጉልበት እንዴት ይለካል?

በ5 ሳንቲም የሚገዛውን «ቤተ ሙከራ» እንውሰድ። ይህ ካርታ 2 ካርታ ያስስባል፤ የተግባር ዕድሉንም ይመልሳል። የሌሎቹን ካርታዎች አማካይ ሳንቲም «መ» እንበለው። ቤተ ሙከራ የያዘ እጅ ከቀሩት 4 ካርታዎች ጋር 2 ስለሚጨምር አማካይ ሀብቱ 6 × መ ነው፤ ብር የያዘ እጅ 4 × መ + 2፣ ወርቅ የያዘ ደግሞ 4 × መ + 3 ይሆናል። ስለዚህ የቤተ ሙከራ ጉልበት 2 × መ ነው ማለት ነው።

በጨዋታው መጀመሪያ መ = 0.7 በመሆኑ ቤተ ሙከራ የ1.4 ሳንቲም ጉልበት ብቻ አለው፤ ርካሹ ብር ይበልጠዋል። መ ወደ 1 ሲደርስ ከብር፣ ወደ 1.5 ሲደርስ ከወርቅ ይስተካከላል። የካርታ ጉልበት በካርታው ላይ የተጻፈ ቋሚ ቁጥር ሳይሆን ካርታው ከገባበት ክምር ጋር ያለው ዝምድና መሆኑን ይህ ቀላል ስሌት ያሳየናል።

ጎተራን መንደፍ

የመጀመሪያው ረቂቅ፦ «3 ካርታ ሳብ፤ 1 ካርታ ጣል፤ የተግባር ዕድልህን መልስ። ዋጋ 4።» በእጅ ርስት እስካለ ድረስ መጣሉ ምንም አያስከፍልም፤ ጉልበቱም 3 × መ ይሆናል። ገና በመጀመሪያው ተራ 2.1 ነውና ብርን ይበልጣል፤ መ ከ1 ሲያልፍ ደግሞ ወርቅን ይበልጣል። ይህ ሁሉ በመክፈቻው ምንጊዜም ሊገዛ በሚችል ዋጋ ነው። ረቂቁ ውድቅ ነው።

ዋጋው 5 ቢሆንስ? ከ7 ካርታ የተመረጡ 6ቱ፣ ሳይመረጡ ከመጡ 6 ካርታዎች በሳንቲም ሊያንሱ አይችሉም። ስለዚህ በዚያው ዋጋ ቤተ ሙከራን የሚገዛ አይኖርም። 3 ስቦ 3 መጣልስ? ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ሲሳይድ በተሰኘው ማስፋፊያ ውስጥ «መጋዘን» በሚል ስም በ3 ሳንቲም አስቀድሞ አለ።

እንግዲህ ዋጋውን ትተን ሥራውን እንለውጥ፦ «3 ካርታ ሳብ፤ 2 ካርታ ከእጅህ ወደ ክምርህ አናት መልስ፤ የተግባር ዕድልህን መልስ።» ዛሬ በእጅ የሚቀሩት 5 ካርታዎች ናቸው። ነገ የተመለሱት 2 እና አዲስ 3 ይመጣሉ፤ በሁለቱ ተራ ድምሩ 10 ነው። ጎተራ ባይኖርና በቦታው ተራ ካርታ ቢኖርም ድምሩ ያው 10 ነው። ጎተራ ሀብት አይፈጥርም፤ ሀብትን ከቀን ወደ ቀን ያዛውራል እንጂ።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ የሚመነጨው ቀደም ሲል ካየነው የዋጋ ደረጃ ነው። በሁለት ተራ 12 ሳንቲም ያለው ተጫዋች 6 እና 6 ቢደርሰው ሁለት ወርቅ ይገዛል እንጂ ክፍለ ሀገር አያገኝም። 8 እና 4 አድርጎ ማዛወር ከቻለ ግን ያገኛል። ሁለት ጎተራ በአንድ ተራ ቢመጡም ሁለተኛው የሚስበው የተመለሱትን 2 እና 1 አዲስ ካርታ ስለሆነ ኃይሉ እንደ ናዳ አይንከባለልም። ስለዚህ 3 ሳንቲም ተገቢ መነሻ ግምት ነው፦ በመጀመሪያ ከብር ያንሳል፤ ክምሩ ሲበለጽግ ይፈለጋል።

ግምትን መፈተን

ግምት ማስረጃ አይደለም። የመጀመሪያው እትም 25 ዓይነት የሚገዙ የመንግሥት ካርታዎች ሲኖሩት በአንድ ጨዋታ 10ሩ ይመረጣሉ፤ ይህም 3,268,760 ልዩ ልዩ ምርጫ ይሰጣል። ጎተራ ሲጨመር 2,042,975 አዳዲስ ምርጫዎች ይፈጠራሉ። ሁሉን መሞከር ስለማይቻል አጠራጣሪዎቹን መለየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የሲሳይዱ «ቃኚ» ከክምሩ አናት 3 ካርታ አይቶ አንዱን ከጨዋታ ያስወጣል፣ አንዱን ይጥላል፣ አንዱን ይመልሳል። ጎተራ ርስቶችን አናት ላይ ቢያስቀምጥለት የሁለቱ ቅንጅት ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል፤ መፈተን ያለበትም እንዲህ ያለው ነው።

ሙከራው እንደ ማንኛውም ሳይንሳዊ ሙከራ መነጻጸሪያ ይፈልጋል። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ዓይነት ስልት ይጫወቱ፤ ልዩነታቸው አንደኛው ጎተራ መግዛቱ ብቻ ይሁን፤ ቀዳሚነቱንም ይቀያየሩ። በወረቀት የተሠራው ካርታ ከጀርባው እንዳይታወቅ ሁሉም ካርታዎች ጀርባው በማያሳይ አንድ ዓይነት ማቀፊያ ይግቡ። ውጤት ሲነበብም ጥንቃቄ ያሻል፦ በ100 ጨዋታ ዕድል ብቻውን ውጤቱን እስከ 10 ከመቶ ወዲያና ወዲህ ሊያናውጠው ስለሚችል 55 ጊዜ ማሸነፍ ምንም አያረጋግጥም። በኮምፒውተር 10,000 ጊዜ ቢጫወቱ ግን ይህ ስፋት ወደ 1 ከመቶ ይጠብባል፤ ያው 55 ከመቶ ያን ጊዜ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል።

መልመጃ

1. መ = 1.2 ሲሆን ቤተ ሙከራ፣ ብርና ወርቅ በጉልበት እንዴት ይሰለፋሉ?
2. ጎተራ በሁለት ፈንታ 1 ካርታ ብቻ ቢመልስ የሁለቱ ተራ ድምር 10 ሆኖ ይቀጥላልን? ዋጋውስ 3 ሊሆን ይገባዋልን? ምክንያቱን አስረዱ።