ከፍተኛ ትምህርትና የጓሯችን እንሰት

የቡኢ ገበሬ ልጅ በቤቱ ክስታኔኛ ይናገራል። በገበያ አማርኛ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ የተማረውን ለአባቱና ለእናቱ በምን ቃል ይንገራቸው? ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመሩት ከካናዳ የመጡ የካቶሊክ መምህራን ነበሩ። ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ተሰጠ። ያ ኮሌጅ አድጎ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በኋላ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎችም፣ የወልቂጤው ሳይቀር፣ በዚያው መንገድ ሄዱ። እንግሊዝኛ ጥቅም አለው፤ የዓለምን ዕውቀት ያስነብባል። ጉዳቱ ዕውቀቱ እዚያው ታስሮ ሲቀር ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። እንሰትን የሚያጠወልግ በሽታ እንዳለ ገበሬው ያውቃል። መጀመሪያ የመሐሉ ቅጠል ይጠወልጋል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ኋላ ተክሉ ይሞታል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ብራድበሪ ከሚባሉ የውጭ አገር ሰው ጋር ሆነው የበሽታውን ምክንያት አጥንተው ጻፉ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ይኸውም በዓይን የማይታይ ደቂቅ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጽሑፉ የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። እንሰቱ የሚሞትበት ገበሬ ግን እንግሊዝኛ አያነብም።

በምናውቀው ቋንቋ ሲነገር ምክሩ ከባድ አይደለም፦

1. የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ በሽታውን ወደ ጤነኛው ይወስዳል። ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት።
2. የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ከማሳው ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።
3. ከብት ወደ እንሰቱ እንዳይገባ ከልክሉ።
4. በሽታው ከገባበት ማሳ ችግኝ አትውሰዱ።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻይናም ገጥሟት ነበር። ቻይናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጥንት መጻሕፍትን አጥንተው፣ ተፈትነው ይሾሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ያ ፈተና ቀረ። ብዙ ወጣቶች ወደ ጃፓን፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሄደው ተማሩ። መጻሕፍት ተተረጎሙ፤ ለአዲሱ ዕውቀትም የቻይንኛ ቃል ወጣለት። ዛሬ የቻይና ተማሪ ሕክምናውንም ምሕንድስናውንም በአብዛኛው በቻይንኛ ይማራል፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ጎን ለጎን ያጠናል። ክርክሩ ግን አላለቀም። ምሁሮቻቸው በዓለም ለመታወቅ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለባቸው፤ ይህም የራሳችንን ያስረሳናል ብለው የሚሠጉ አሉ።

እኛም አገር ቢሆን ሥራው ሳይሞከር አልቀረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ለፊደል የተቻለው ለከፍተኛው ዕውቀትም ሊቻል ይገባል።

ደግሞም ዕውቀት የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። የእንሰቱን ዓይነት በስም ለይታችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚሻል እናቶቻችን ያውቃሉ። የክስታኔ ሽማግሌዎች በጎርዳና ሴራ ሰው ያስታርቃሉ። ይህን ያልጠየቀ ተማሪ ትምህርቱ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ የተማረ ልጃችሁ ለዕረፍት ሲመጣ ወደ እንሰቱ ውሰዱት። «የተማርከውን በቋንቋችን ንገረን» በሉት። ቃል ቢያጥረው አግዙት። እናንተም የምታውቁትን ንገሩት፤ እሱ ይጻፈው።

ጥያቄዎች

1. የእንሰት በሽታ ከተክል ወደ ተክል በምን በምን ይተላለፋል?
2. ቻይናውያን አዲሱን ዕውቀት በቋንቋቸው ለማስተማር ምን አደረጉ?
3. በቀበሌያችሁ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቁት፣ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ምንድን ነው? ተወያዩበት።